ጋሼ ዩኒቴሪያኖቹን ሊያዩ የመጡበት እሑድ

ሜልበርን ከተማ፣ ፊትዝሮይ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት መኖሪያ ፎቆች ጀርባ፣ አንዲት ትንሽ የጡብ አዳራሽ አለች። መጀመሪያ የገባሁባት ለሥራ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ በነጭ ቫኔ እየዞርኩ የተቃጠለውን እቀይራለሁ፣ የላላውን አጠብቃለሁ። ያን ቀን የተጠራሁት ለጣሪያ ፋን ነበር። በጋው ሳይገባ ይጠገንልን ብለው ቡክ አድርገውኛል።

መሰላሉ ላይ ወጥቼ ሽቦ ስፈታ እንደ ልማዴ አንጎራጉር ነበር። እጄ ሥራ ከያዘ አፌ ዝም አይልም። የማንጎራጉረውም ሁልጊዜ ያንኑ ነው፤ ልጅ ሆኜ ደሴ፣ ሐሙስ ማታ እናቴ ቤት የሚሰበሰቡት ሰዎች ሲያወርዱት የሰማሁትን መንዙማ። ግጥሙ ግማሹ ጠፍቶብኛል፤ ዜማው ግን አልለቀቀኝም። የአዳራሿ ጣሪያ እንጨት ነው፣ ከፍ ያለም ስለሆነ ድምፄ ወፍሮ ይመለስልኛል። ደስ አለኝና ይበልጥ ወደ ታች አወረድኩት።

«እባክህ፣ እዚያው ላይ ቆይ» የሚል ድምፅ ከሥሬ ሰማሁ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ሽበታቸውን አጭር የተቆረጡ አሮጊት ወንበር እንደታቀፉ ቆመው ወደ ላይ ያዩኛል። የሽቦውን ነገር የሚሉኝ መስሎኝ እጄን ሰበሰብኩ። እሳቸው ግን ወንበሩን አስቀምጠው ወደ ፒያኖው ሄዱና በግራ በኩል ወዳለው ጫፍ አንዱን ነካ፣ ሌላውን ነካ አድርገው እኔ የያዝኩትን ድምፅ አገኙት።

«ማክሰኞ ማታ መምጣት ትችላለህ?» አሉኝ።

«ማክሰኞ ደግሞ ምን ተበላሸ?»

«ኳየራችን» አሉ።

ነገሩን ያስረዱኝ እኔ ሥራዬን እየጨረስኩ ነው። በኳየራቸው፣ አብሮ በሚዘምረው ቡድናቸው ውስጥ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ኩዊንስላንድ ሄደው ቀሩ። በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ፣ የገና በዓል ሰሞን፣ ንግግርና ሙዚቃ ያለበት ትልቅ ዝግጅት አላቸው። ያለ ወፍራም ድምፅ ደግሞ መዝሙሩ ሁሉ እግር የሌለው ጠረጴዛ ሆኖባቸዋል። ዩኒቴሪያን እንባላለን አሉኝ። ይህን እመን ብሎ የሚያዝ የለም፤ በፈጣሪ የሚያምን አለ፣ የማያምን አለ፣ ገና እያሰበ ያለም አለ። እሑድ እሑድ ተሰብስበው አንድ ሰው ይናገራል፣ ይዘምራሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይለያያሉ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። መስቀል የለም። ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ሻማ የቆመበት የብረት ዋንጫ ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም ግልጹን መናገር ይሻላል ብዬ ሙስሊም ነኝ አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ። «ማክሰኞ ውኃ ይዘህ ና፤ ጉሮሮ ይደርቃል።»

ስማቸውንም ነገሩኝ። እዚህ አገር ትልቁም ትንሹም በስሙ ነው የሚጠራው። የእናቴ እኩያ ናቸውና አፌ እምቢ አለኝ። እኛ ጋ እንደ እርስዎ ያለን ሰው በባዶ ስም አንጠራም ስላቸው፣ ታዲያ ምን ትላላችሁ አሉኝ። እትዬ አልኳቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ አፋቸው ውስጥ አገላብጠው ወደዱት። ማክሰኞ ስሄድ ኳየሩ በሙሉ፣ ሁሉም እንደ አፉ አጠራር፣ እትዬ እያለ ሲጠራቸው አገኘሁት።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ሆና ነው የምትሠራው። ስነግራት ሶፋው ላይ ወድቃ ሳቀች። ቤት ውስጥ ሳንጎራጉር ዝም በል የምትለኝ እሷ፤ ፈረንጅ ጠርቶ ዘምርልን ማለቱን ማመን አቃታት። ሳቋ ሲያባራ ግን ቤተ ክርስቲያን ነው ወይ አለችኝ። ነውም፣ አይደለምም አልኳት።

«እስቲ እሱን ለጋሼ ንገራቸው» አለች።

ጋሼ የሚኖሩት ፍሌሚንግተን ሰፈር፣ እኛ ባለንበት ሕንፃ፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው። የወሎ ሰው ናቸው። ደሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እዚህም መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፍተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ኢማም አይደሉም፤ ነገር ግን የሕንፃችን ሰው ሲወልድ ይነግራቸዋል፣ መንገድ ሲሄድ ይሰናበታቸዋል፣ መኪና ሲገዛ እንኳ ቁልፉን ይዞ እሳቸው በር ላይ ይቆማል። አጠር አድርገው ይመርቁትና ሂድ ይሉታል። እሳቸው ቅር የተሰኙበት ነገር ማናችንንም እንቅልፍ ይነሳል።

እኔ ግን ለጊዜው ምንም አልነገርኳቸውም። ማክሰኞ ማክሰኞ ልምምድ ሄድኩ።

ኳየሩ አብዛኛው ሽማግሌና አሮጊት ነው። ኖታ ማንበብ አልችልም ብዬ ብፈራም፣ ኩዊንስላንድ የሄዱት ሰውዬም አይችሉም ነበር አሉኝ። እትዬ በቀኝ እጃቸው ፒያኖ እየነኩ በግራው እኔን ይመሩኛል። እጃቸው ሲወርድ እወርዳለሁ፣ መዳፋቸውን ሲዘረጉ ባለሁበት እቆያለሁ። ብዙውን ጊዜ የእኔ ድርሻ እዚያው መቆየት ነው። ሌሎቹ ዜማውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት እኔ አንዱን ድምፅ ይዤ እቀራለሁ። አንድ ቀን ይህ ሥራ ነው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንተ ወለሉ ነህ፤ እኛ የምንሄደው ባንተ ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ባለሁበት መቆየት አልሰለቸኝም።

መዝሙሮቹ ስለ በረዶና ስለ ረጅም ጨለማ ነበሩ። በሩ ተከፍቶ ውጭ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ዝንብ ይዞረናል፤ የሁላችንም ሸሚዝ ጀርባችን ላይ ተለጥፏል። በዚያ ላይ ቆመን በረዶው እንዴት እንደሸፈነን እንዘምራለን። እኔ በረዶ የማውቀው በክረምት ደሴ ላይ የሚወርደውን፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠውን ነው። የእነሱ በረዶ ዝም ብሎ የሚያርፍ ነው። ይህን ስነግራቸው ከመካከላቸው አብዛኞቹም አይተውት እንደማያውቁ ታወቀ። ዕድሜ ልካቸውን ስላላዩት ነገር ሲዘምሩ ኖረዋል። ተሳሳቅንና ቀጠልን።

በሥራ ቀን ቫኔ ውስጥ እለማመዳለሁ። ሬስኮርስ ሮድ ላይ መብራት ሲይዘኝ መስኮቱ መከፈቱን ረስቼ ስዘምር፣ ትራም የሚጠብቁ ሰዎች ዞር ብለው ያዩኛል። ማታ ደግሞ ልጄ አጠራሬን ታርማለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ «ኖ ባባ፣ አጌይን!» ትለኛለች፤ እኔም እደግማለሁ። ከትምህርት ቤት የመጣ ሥራዋን ስትሠራ እኔ የምቆጣጠራትን ያህል እሷም እኔን ተቆጣጠረች።

ወሬው ጋሼ ጋ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። የሕንፃችን አንዲት ሴት በዚያች አዳራሽ በኩል ስታልፍ በክፍቱ በር አየችኝ። ወረቀት ይዤ፣ አፌን ከፍቼ፣ ሻማ ፊት። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ስመለስ ጋሼ ይፈልጉሃል የሚል መልእክት ሊፍቱ ውስጥ ደረሰኝ። ቤቴ ሳልገባ እሳቸው ጋ ወረድኩ።

ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ተቀመጥ አሉኝና ውኃ ቀዱልኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሃይማኖቱን ለወጠ አሉኝ» አሉ። «ከራሱ አፍ ካልሰማሁ አላምንም ብዬ ነው የጠራሁህ።»

«አልለወጥኩም ጋሼ። የሰጠኋቸው ድምፄን ነው።»

ምን እያልኩ እንደምዘምር ጠየቁኝ። ስለ በረዶ፣ ስለ ሌሊት፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ጎረቤት ነው አልኳቸው። ስለ ኢሳ መወለድ አለበት ወይ ሲሉኝ፣ አንዱ ላይ አለ አልኩ። ነቢዩ ኢሳን እኛም እናከብራቸዋለን ብለው ያን አለፉት። ከዚያ ሰዎቹ ፈጣሪን ስንት ነው እንደሚሉ ጠየቁኝ። ይህንንም ከእትዬ ሰምቼው ስለነበር እንደሰማሁት ነገርኳቸው። ስማቸው የመጣው ፈጣሪ አንድ ነው ከማለት ነው፤ ዛሬ ግን አንዱ አለ ይላል፣ አንዱ የለም ይላል፣ ሁሉም አብረው ይቀመጣሉ።

ጋሼ ጢማቸውን እየነካኩ ብዙ አሰቡ።

«አለ የሚለውና የለም የሚለው አንድ ወንበር ላይ?»

«ጎን ለጎን።»

«ይህንስ በዓይኔ ማየት አለብኝ» አሉ። «መቼ ነው የምትዘምሩት?»

የዝግጅቱ ቀን እሑድ ነበር፤ ከቀትር በኋላ። ከሰሜን የሚመጣው ደረቅ ንፋስ ከጠዋት ጀምሮ ሲነፍስ ውሎ አስፋልቱ ይለበልባል። በባለቤቴ መኪና ሄድን። ጋሼ ነጭ ጀለቢያና ነጭ ቆብ አድርገው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል ይዘው ፊት ተቀመጡ። ባለቤቴ የሠራችው ሳምቡሳ በትልቅ ትሪ ልጄ ጭን ላይ ነው። እኔ ከድምፄ ይልቅ የፈራሁት ጋሼን ነበር። አንድ ነገር ቢያዩና ተነስተው ቢወጡ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ሕንፃ ሊፍት እንዴት እመላለሳለሁ?

እትዬ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ጋሼን ሲያዩ እጃቸውን ከመዘርጋት ይልቅ ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉ። ይህን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ እኔ አልነገርኳቸውም። ጋሼም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱላቸው። ከዚያ ፋኑ ሥር፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

ዝግጅቱ እስኪጀመር ሻይና ቀዝቃዛ ውኃ ይዞራል። ጋሼ አጠገባቸው ያሉትን ሰዎች በእኔ አስተርጓሚነት መጠየቅ ጀመሩ። እንደ እንግዳ አይን አፋርነት የለባቸውም። ለማን ነው የምትጸልዩት ብለህ ጠይቅልኝ አሉኝ። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ጠየቅኩ።

በቀኛቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ለአንድ አምላክ አሉ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት መላጣ ሽማግሌ ለማንም አልጸልይም፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ አሉ። ሦስተኛዋ ጠዋት ጠዋት ባሕር ዳር ሄዳ ውኃው ውስጥ እንደምትቆም፣ ከዚያ የበለጠ ጸሎት እንደማታውቅ ነገረችን። ጋሼ አንድ በአንድ ሰሙ።

«እንግዲያው አትጣሉም ወይ በላቸው» አሉኝ።

ጠየቅኩላቸው። መላጣው ሽማግሌ ሌሎቹን አየት አደረጉና፣ «እንጣላለን እንጂ» አሉ፤ «ግን ስለ ፈጣሪ አይደለም። ከሻይ በኋላ ኩባያ ማን ያጥባል በሚለው ነው።»

ይህን ስተረጉምላቸው ጋሼ ከዘራቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር። ባለቤቴ ከኋላ ሆና አየችኝ። በዚያ ሳቅ እኔም ትንፋሼ ተመለሰልኝ።

ዝግጅቱ የተጀመረው ሻማው ሲበራ ነው። መጀመሪያ አንድ መዝሙር ዘመርን፤ ያለ ስህተት አለፈ። ከዚያ የዕለቱ ተናጋሪ ተነሱ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እኔ ከኳየሩ ወርጄ ጋሼ ጆሮ ሥር ተቀምጬ በለሆሳስ ተረጎምኩላቸው።

ሰውዬው ያደጉት ከሜልበርን ርቆ ባለ ደረቅ የስንዴ አገር ነው። በዓሉ ሁልጊዜ የሚውለው በዓመቱ ትልቁ ሙቀት ላይ ነበር። በፖስታ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ በረዶ፣ የሚዘመረው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ስለሚበራ ብርሃን፤ እነሱ ቤት ግን ብርሃን ሞልቶ ተርፎ፣ ምድሩ ተሰነጣጥቆ፣ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው። እናታቸው ከማለዳ ተነስተው አንሶላ ውኃ ውስጥ ይነክሩና በየበሩ ይሰቅሉታል። ንፋሱ በእርጥቡ አንሶላ ሲያልፍ ቤቱ ይቀዘቅዛል። በመንገድ የሚያልፍ ማንም ሰው፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ ከአንሶላው ወዲህ ግባ ይባላል። ልጅ ሆነው የበዓል ትርጉሙ ያ ብቻ ነበር የሚመስላቸው፤ አንሶላውን ገልጦ የሚገባ እንግዳ። በቀዝቃዛው አገር ለሰው የሚሰጠው ብርሃን ከሆነ፣ በዚህ አገር የሚሰጠው ጥላ ነው አሉ።

ጥላ ስላቸው ጋሼ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «እውነቱን ነው» አሉ፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብለው። ተናጋሪው ቆም ብለው አዩዋቸው። ምን እንደተባለ ነገርኳቸው፤ አመሰግናለሁ ብለው ቀጠሉ።

ከንግግሩ በኋላ ወደ ኳየሩ ተመለስኩ። ሁለተኛው መዝሙር ወፍራሙ ድምፅ ለብቻው የሚጀምርበት ነው። እትዬ እጃቸውን ገና የግንባራቸውን ላብ ሊጠርጉ ሲያነሱት ምልክት መሰለኝና ገባሁ። በሙሉ ድምፄ። እትዬ ቅንድባቸውን አንስተው አዩኝ፤ ከዚያ ፈገግ አሉና በሌላኛው እጃቸው ኳየሩን በሙሉ ከኋላዬ አስገቡት። ማን ቀደመ ማን ዘገየ ሳይባል መዝሙሩ ተነሳ። ከሕዝቡ መሀል የነቃችው ልጄ ብቻ ናት፤ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ስትንፈቀፈቅ አየኋት። እኔም ሳቄን ያፈንኩት ያቺን አንድ ድምፅ ጠበቅ አድርጌ በመያዝ ነው።

በመጨረሻ ልማዳቸው እንዲህ ነው፤ የፈለገ ሰው ተነስቶ ደስታውን ወይ ሐዘኑን በአጭሩ ይናገራል። አንዷ የልጅ ልጅ መወለዷን ተናገረች። አንዱ ወንድሙ ሆስፒታል መተኛቱን ነገረን፤ ባለቤቴ ከኋላ ሆና ለጋሼ ትተረጉምላቸዋለች። ከዚያ ሌላ የሚነሳ ሲጠፋ፣ ጋሼ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ።

ወደ እኔ ዞሩና፣ «እዚያው ሆነህ ተርጉም» አሉኝ። «እኛ አገር እንግዳ ሆነው በልተው ጠጥተው ዝም ብለው አይወጡም። ልመርቃቸው ነው። አሚን በሉ በላቸው።»

ተናገርኩ። ጋሼ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያ አላህ፣ ይህን ቤት ለሠሩት ጥላው አይጉደልባቸው።»

አሚን። ያልነው እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ነን። ከሌላው ሰው አንድ ሁለት ድምፅ እየፈራ ተከተለን። ስተረጉም ቃሉን እንዳለ አላህ ብዬ ነው የተረጎምኩት፤ ማንም ፊቱን አላጠቆረም።

«የተወለደችውን ሕፃን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን። ሆስፒታል የተኛውን በእግሩ ያስነሳልን።»

አሚን። አሁን ግማሹ አዳራሽ ነው። ወንድሙ የታመመበት ሰው ራሱን ደፍቷል።

«እርሻ ላለው ዝናብ፣ ልጅ ላለው ልቦና፣ ብቻውን ለሆነ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ይላክልን።»

አሚን።

«ኩዊንስላንድ የሄዱትንም ሰውዬ ጤናቸውን ይጠብቅልን።»

ይህን ስተረጉም ሳቅ ፈነዳ፤ ከሳቁም ጋር አሚኑ ጣሪያውን ነካ። ጋሼ አልሳቁም። እሳቸው ከልባቸው ነው። ስለ ሰውዬው የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ የማያውቁትን ሰው አልረሱም።

ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ተለወጠ። መናገሩን ትተው ማዜም ጀመሩ፤ ወሎ ውስጥ የዱዓ ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ እየጎተቱ፣ መጨረሻው ላይ እያነሱ። እኔም መተርጎም አልቻልኩም፤ ማንም ተርጉምልን አላለኝም። እሳቸው ሲያቆሙ ሰው አሚን ይላል። ለማንም አልጸልይም፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ ያሉት መላጣ ሽማግሌ ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው አሚን ሲሉ ሰማኋቸው።

እትዬ ከፒያኖው አልተነሱም ነበር። በዓይናቸው ጋሼን ይዘው፣ በአንድ ጣታቸው ያቺን የአሚን ድምፅ ፈልገው አገኟት። ደጋገሟት። ከዚያ ግራ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ ባለህበት ቆይ ማለታቸው ነው። ያዝኩላቸው። ሴቶቹ ከላይ ገቡ፣ ወንዶቹ ከመሀል። ጋሼ አንድ ዓይናቸውን ከፍተው አየት አደረጉን፤ አላቆሙም። እንዲያውም የሚቀጥለውን ምርቃት ይበልጥ ረዘም፣ ይበልጥ ከፍ አደረጉት። እሳቸው ያዜማሉ፣ እኛ ሥሩን ይዘን አሚን እንላለን። ማንም ያልተለማመደው ነገር ነበር። እናቴ ቤት ሐሙስ ማታ የሰማሁትን ድምፅ ፊትዝሮይ ውስጥ እንደገና ሰማሁት፤ የያዝኩትን ድምፅ ብለቅ ሁሉም የሚወድቅ ስለመሰለኝ አለቀቅኩም።

ሲጨርሱ መዳፋቸውን በፊታቸው አሳልፈው ተቀመጡ። አንድም ሰው አላጨበጨበም። እትዬ ሻማውን እፍ ብለው አጠፉት።

ውጭ ስንወጣ፣ እዚህ ቼንጅ የሚሉት ነገር መጥቶ ነበር። ንፋሱ ድንገት ከደቡብ ዞሮ ቀዝቃዛ ሆነ፤ የዛፉ ቅጠል ሁሉ ተገለበጠ። ሰው እጁን ዘርግቶ፣ ሸሚዙን ከፍቶ ይቀበለዋል። ጠረጴዛው ግቢ ውስጥ ተዘርግቶ የባለቤቴ ሳምቡሳ ሳይውል ሳያድር አለቀ። ልጄ ሳምቡሳ እንዴት እንደሚጠቀለል በናፕኪን ለእትዬ ስታሳይ፣ ስሙንና አሠራሩን በአማርኛ ነበር የምትነግራቸው፤ እትዬ ከእሷ አፍ እየተቀበሉ ይደግማሉ።

ጋሼ የግንቡ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎናቸው ተቀመጥኩ። ደክሟቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የደከመው ሰውነቴ ብቻ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ረጅሙን ዱዓ ያደረግኩት እሷ ካለፈች ወዲህ ዛሬ ነው» አሉኝ። ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው። «ቤቱ ሰው ሲሞላ አሚኑን የምታነሳው እሷ ነበረች። ሌላው የሷን ሰምቶ ነው የሚከተለው። ከሷ በኋላ ማን ያነሳልኛል ብዬ ተውኩት። በር ላይ ቆሜ ሁለት ቃል እላለሁ፣ በቃ።»

መላጣው ሽማግሌ ሻይ በኩባያ ይዘውላቸው መጡና አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ ለማስተርጎም ብነሳ ጋሼ ተወን አሉኝ። ሁለቱ ያለ ቋንቋ ረጅም ጊዜ ተቀምጠው፣ አንዱ ወደ ዛፉ ሲያመለክት ሌላው ራሱን እየነቀነቀ፣ ጨዋታ ያዙ።

በማግስቱ ሕንፃው ውስጥ ወሬው ቀድሞን ነበር። ያቺው በክፍቱ በር ያየችኝ ጎረቤት ሊፍት ውስጥ አግኝታኝ፣ ጋሼም ሄደው ነበር የተባለው እውነት ነው ወይ አለችኝ። ከእሳቸው ስሚው አልኳት። ሄዳ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ከሻማው እስከ ሳምቡሳው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ኩባያ በማጠብ ነው የሚጣሉት የሚለውንማ ለስንቱ እንደተናገሩት አይቆጠርም፤ በተናገሩት ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃሉ።

ረመዳን ሲገባ ጋሼ ራሳቸው ሐሳብ አመጡ። እትዬንና ከኳየሩ የሚችሉትን ለአፍጥር ጥራልኝ አሉኝ፤ እሳቸው ቤት። ቤታቸው ለእንግዳ ከተዘጋ ብዙ ጊዜው ስለነበር ባለቤቴና የሕንፃው ሴቶች መጋረጃውን አውርደው አጠቡ፣ ምንጣፉን አራገፉ። እንግዶቹ ሬስኮርስ ሮድ ላይ ከትራም ወርደው፣ ፍራፍሬ ይዘው፣ ሊፍቱ ውስጥ ተጨናንቀው መጡ። መላጣው ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ዋልኩ ብለው አስገረሙን። ጾሙ በተምር ተፈታ፣ ሰላት ተሰገደ፣ ተበላ። ከምግብ በኋላ ጋሼ መዳፋቸውን ዘረጉ። ቤቱ ሞልቶ ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል።

የመጀመሪያውን ምርቃት ብለው ሲያቆሙ፣ አሚኑን ከሁሉም ቀድመው ያነሱት እትዬ ነበሩ።